ስሱ ሽፋን

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለች መቅደላዊት።

የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ዓይናዲስ ቀና ብለው አዩዋትና ጻፉ። ሆዷን ያቃጥላታል፤ ይህንን ነግራቸዋለች። ሰገራዋ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ግን ዋጥ አደረገችው።

መቅደላዊት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ካለችበት ከአይከል መጥታ፣ አራዳ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። አብራት ትኖር የነበረችው ጓደኛዋ ምስጢር ኅዳር ላይ አክስቷ ዘንድ ገባች። ከዚያ ወዲህ መቅደላዊት ማብሰሉ አስጠላት። ለአንድ ሰው ወጥ ሠርቶ ግድግዳ እያዩ መጉረስ አልዋጥላት አለ። ሳትበላ ስትውል ራሷን ይፈልጣታል፤ ያኔ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ትውጣለች። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር፤ አሁን በቀን ሦስቴ ደርሷል። እናቷ ስትደውል ግን ጠግባ እንደምታድር ትነግራታለች። እውነቱን ብትሰማ ጓዟን አስጠቅልላ ወደ አይከል እንደምትመልሳት ታውቃለች።

ሲስተር ዓይናዲስ የጨጓራ ሽሮፕ እያዘዙ፣ ብዙ ተማሪ የሚጎዳው በማስታገሻ መሆኑን አነሱ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ሲደጋገም የጨጓራና የአንጀትን ስስ ሽፋን ያቆስላል አሏት። በሽፋኑ ሴሎች ውስጥ ከኦክስጅን የሚፈጠሩ ጎጂ ቅንጣቶች ሰውነት ሊያጠፋቸው ከሚችለው በላይ ይበዛሉ፤ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ከዚያ መድማት ይመጣል።

የማዘዣ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ተኝታለች። መቅደላዊት ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ነርሷ ክፍል ተመለሰች።

የኪኒኑን ማሸጊያ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሲስተር፣ ዋሽቻለሁ። ሰገራዬም ጥቁር ነው።»

ሲስተር ዓይናዲስ አልተቆጧትም። የደም ግፊቷን ለኩ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት እንዳለባትም ነገሯት።

«አብሮሽ የሚሄድ ማን አለ?»

መቅደላዊት ስልኳን አውጥታ የእናቷን ስም ፈለገች። ሲስተር ዓይናዲስ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አድርገው አጠገቧ ተቀመጡ።

ደወለች።

«እማዬ» አለች፣ «አሞኛል። ነይልኝ።»