በጣውላው ላይ ያለችው መስመር

«አሁንም አለች!» ሴንጋ ናኪቶ ጣውላውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

ናንቶንጎ ማየት አላስፈለጋትም። በጣቷ ነክታታለች። ጣውላው ከመላጊያ ማሽኑ ሲወጣ ለስላሳና ሞቃት ነው። መሃሉ ላይ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነች ጉብታ ተጋድማበታለች። ከዚህ በፊት በወጡት ስድስቱም ላይ አለች።

«ሚስማር ነው» አሉ ጃጃ ካቴሬጋ ማሽኑን እያጠፉ። «ቢላዎቹን ሸርፏቸዋል።»

«ማግኔቱ ለምን ተገዛ ታዲያ?» ሴንጋ የናንቶንጎ አባት እህት ናት፤ የእንጨት ቤቱም የሷ ነው። «አሮጌ እንጨት ሳይፈተሽ አይገባም የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሰፈሩ ሁሉ እንደ አያቱ ጃጃ የሚላቸው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ወደ ማሽኑ አፍ አዩ። ናንቶንጎ ጣውላውን ከሴንጋ ተቀብላ ከስድስቱ ጋር ደረደረችው።

ነገሩ የሆነው ትናንት ነው። ሁሉም ምሳ ሲወጡ ከተሰበረ አልጋ የተረፈ የፌኔ ጣውላ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ፌኔ የሚባለው የፍራፍሬ ዛፍ እንጨቱ እንደ እርድ ቢጫ ነው፤ ለገበጣ ይሆናል። የጃጃ ገበጣ ከተሰነጠቀች ወር አልፏታል። ትምህርት ሳይከፈት አዲስ ልትሠራላቸው ነበር። ማግኔቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ቸኮለች። ከማሽኑ ውስጥ «ቀጭ!» ሲል ሰማች። ጣውላውን ሰጋቱራው ውስጥ ቀበረችው።

«ጃጃ፣ አልቆጣም» አለች ሴንጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዓይንዎ ደክሟል። ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑን ወጣቱ ሠራተኛችን ካዪዋ ይይዘዋል። ለእርስዎ ጥላው ሥር ወንበር ይደረግልዎታል።»

«እሺ» አሉ ጃጃ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩበትን ማሽን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ዛሬ ግን ገና ዓርብ ነው። ናንቶንጎ፣ ሶኬቱን ንቀይ።»

ነቀለች።

«አምጪና አሳዪኝ።» ሶኬቱን በዓይናቸው ሳያዩ ማሽን ከፍተው አያውቁም።

ሴንጋ ስልኳን ይዛ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዴስኩን ለሰኞ ይፈልጋል።

ክዳኑን አነሱት። ናንቶንጎ ሮለሮቹ ላይ የተጋገረውን ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠረገች። ሦስቱም ቢላዎች አንድ ቦታ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ተሸርፈዋል።

«አዲስ ሊገዛ ነው?»

«ሲመች ይሳላሉ። አሁን አንዷን ብቻ ወደ ጎን ገፋ አድርጊ። ትንሽ። እሷ የነሱን ሽራፊ ቦታ ትሸፍናለች፣ እነሱም የሷን።»

በመፍቻ አላልታ ገፋች። ጃጃ ራሳቸው የቀረጿትን መለኪያ እንጨት አስደገፈችና ቢላውን በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረችው። ቢላው እንጨቷን መንካት አለበት፣ መብላት የለበትም። በግራ ነካ። በቀኝ በላ። ዝቅ አደረገችው።

«አሁንስ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ዓይኔ ደክሟል አልተባለም?» ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«ስለ ሥራችሁ እናመሰግናለን!» አለች ሙዝ ተሸክማ በደጅ የምታልፍ ሴት።

«አንቺም ስለ ሥራሽ!» ብለው መለሱላት ጃጃ። ንዴባ ሰፈር ውስጥ ሠራተኛ አይቶ ሳያመሰግን የሚያልፍ የለም። ተመስግኖ የማይመልስም የለም።

«ጃጃ... ትናንት...»

«ጠዋት ሰጋቱራ ስዝቅ ቢጫ ፍቅፋቂ አገኘሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «እኔ ፌኔ ከላግኩ ዓመቴ።»

መፍቻው እጇ ላይ ቆመ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ምላሱ ያንቺ ነው እንጂ የኔ ነው እንዴ? ያን ብሎን አጥብቂ። ኧረ እንደዚያ አይደለም! መጀመሪያ የመሃሉን።»

ሶኬቱ ተሰካ። ማሽኑ ጮኸ። ሴንጋ ተመልሳ የወጣውን ጣውላ በመዳፏ ዳበሰችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ደግማ ዳበሰችው። መስመር የለም።

«ማነው ያስተካከለው?»

«እሷ» አሉ ጃጃ። «እኔ ቁጭ ብዬ ነበር። ወንበሩን እየተለማመድኩ።»

«ናንቶንጎ!» የሴንጋ ፊት በራ። «ስለ ሥራሽ እናመሰግናለን!»

መልሱ አጭር ነው። አፏን ከፈታች ጀምሮ በቀን ሃያ ጊዜ ትለዋለች። አሁን አልወጣ አላት።

«ምነው? ማሽኑ ምላስሽንም ላገው?» አለች ሴንጋ።

ናንቶንጎ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከች።

«ሴንጋ፣ ሚስማሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የፌኔውን ጣውላ ሳልፈትሽ። የጃጃ ዓይን ምንም አልሆነም።»

ሴንጋ አየቻት። ከዚያ ጃጃን። ከዚያ ካዪዋ ከወዲሁ ጥላው ሥር ያስቀመጠውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር።

«እረፍቱ እስኪያልቅ አሮጌ እንጨት የምትፈትሺው አንቺ ነሽ» አለች። «እያንዳንዱን!» ሄዳ ወንበሩን አነሳችው። «ይሄ ለእንግዳ ያስፈልገኛል» አለችና ይዛው ገባች።

ጃጃ ወደ ማሽኑ ተመለሱ። ለሚቀጥለው ጣውላ እጃቸውን ዘረጉ።

«ጃጃ» አለች ናንቶንጎ እያቀበለቻቸው። «ስለ ሥራዎ አመሰግናለሁ።»

«አንቺም ስለ ሥራሽ።»

ቢጫውን ጣውላ ከሰጋቱራው ውስጥ አወጣች። ማግኔቱን ከግድግዳው አወረደችና ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ቀስ ብላ ጎተተችው። መሃል ሲደርስ ጠቅ ብሎ ተጣበቀ። ጉጠት ልትፈልግ ተነሳች።