የዘንድሮ አረፋ

ደሙ አልወጣ አለ። ረሂማ የእናቷን ጣት ከሥር ወደ ላይ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው። ጣቱ ከመቅጠኑ የተነሣ ቀለበቱ እንዳይወልቅ በክር ተጠምጥሟል። በመጨረሻ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጠብታ ብቅ አለች። ረሂማ የስኳር መለኪያ መሣሪያውን ጠባብ ወረቀት አስጠጋች፤ ወረቀቱ ደሙን ሳብ አደረገው።

«እኔንስ መቼ ነው የምትወጊኝ?» አሉ እትዬ ያለምወርቅ፣ የጎን ሱቅ በርበሬ ነጋዴ።

«አንቺን ቢወጉሽ የሚወጣው በርበሬ ነው» አለች እናቷ ሀስና።

ሁሉም ሳቁ። ሀስና ሳቁ ጎኗን ስለያዛት በእጇ ደገፍ አደረገችው። መሣሪያው ጢጥ አለ።

«ስንት ነው?»

«ዘጠና ስምንት።»

«አልሐምዱሊላህ! ሰማሽ ያለምወርቅ? እየዳንኩ ነው።»

እትዬ ያለምወርቅ «ተመስገን» ብለው ፊታቸውን ወደ በርበሬያቸው መለሱ። እሳቸውም ያውቃሉ። ከሀስና በቀር ሁሉም ያውቃል።

ስኳሯ በእርግጥ ነበረ። ክረምት ላይ ሐኪም ቤት ስትሄድ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሐኪሙ ግን የረሂማን አባት ሙናዊርን ለብቻው ጠርቶ የነገረው ሌላ ነው። ካንሰር ነው፤ ጉበቷ ውስጥ ተሠራጭቷል፤ ማስታገሻ ከመስጠት በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ሙናዊር የዚያን ቀን ቤት ሲገባ «ስኳር ነው አሉ» አለ። ዘመዱም ሁሉ በዚሁ ተስማማ። የረሂማ አጎት ጠይብ ከዱባይ መለኪያውን አመጣ፤ ሀስናም ሻይዋን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረች። ረሂማ እውነቱን የሰማችው አባቷን መጋዘን ውስጥ ሸራ ጥቅል ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ስላገኘችው ነው።

«ክፉ ወሬ በልጅ አፍ አይነገርም። ማይልኝ» አላት ያኔ።

«ወላሂ አልናገርም» አለች።

ትናንት ኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህር ይገረም «ቤቱ የስኳር መለኪያ ያለው አለ?» ብለው ሲጠይቁ እጇን ያወጣች እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀቱ ላይ የተቀባው ነገር ስኳሩን ሲያገኘው ኤሌክትሮን እንደሚለቀቅ፣ መሣሪያውም ያችን ትንሽ ኤሌክትሪክ ለክቶ ቁጥር እንደሚያወጣ አስረዱ።

«ለስኳር የተሠራ ስኳርን ብቻ ነው የሚያየው» አሉ። «አሁን ተመራማሪዎች ደም ውስጥ የሚዞሩ የካንሰር ሴሎችን የሚይዝ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት እየሞከሩ ነው። ሴሉ መጥቶ ሲጣበቅ ኤሌክትሪኩ ይለወጣል። ገና ሳያሳምም፣ ገና ጥቂት ሳለ ለማግኘት ማለት ነው።»

«ቲቸር፣ መቼ ነው መርካቶ የሚመጣው?» አለች ረሂማ።

«መርካቶማ ከፋብሪካው ቀድሞ ይገባል!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩም ፈገግ አሉ። «ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም። ምናልባት እናንተ ስታድጉ።»

ረሂማ አልሳቀችም።

አሁን ከሱቁ ፊት ለፊት ለባቡሩ መንገድ የሚቆፍረው ማሽን ያገሳል። አቧራው የፕላስቲክ ባልዲዎቹ ላይ ተጋግሯል። ሀስና ከመደርደሪያው ሥር አንድ ፌስታል ሳብ አደረገች። ውስጡ ቀይ ሻሽ ነበር።

«ይቺን ለእናቴ አባትሽ ያደርስልኛል። ዘንድሮ ለአረፋ አገር ቤት አልገባም።»

ረሂማ የሰማችውን አላመነችም። አረፋ ሲደርስ መርካቶ ግማሹ ተዘግቶ ሰው ሁሉ አገሩ ይገባል። እናቷ አራስ ሆና እንኳ ቀርታ አታውቅም።

«ለምን እማ?»

«እንዲህ ከስቼ ብታየኝ እናቴ ትደነግጣለች። ቁጥሩ እንደሆነ አምሮበታል። ከርሞ፣ ኢንሻአላህ፣ ወፍሬ እገባላታለሁ።»

ከርሞ። ረሂማ መሣሪያውን እንደያዘች ተነሣች።

አባቷ ጎጃም በረንዳ ካለው መጋዘን ደጃፍ ከጋሪ ላይ ሸራ ያስወርዳል። ወደ ጥግ ጎትታ ወሰደችው።

«እማ አረፋን ልትቀር ነው።»

«ነግራኛለች።»

«እንግዲያው ንገራት! አያቴን ሳታያት...»

«አፌ እሺ አይለኝም፣ ልጄ። ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት።»

«እኔ ልንገራት።»

«ምለሽልኝ የለም ወይ?»

ቁርኣን ቤት ተምራዋለች። መሐላ ያፈረሰ ሰው ድሆችን ያበላል፤ የሚያበላው ከሌለው ሦስት ቀን ይጾማል።

«እጾመዋለሁ፣ አባ።»

ሙናዊር አንገቱን ደፋ። እጁ ላይ የቀረውን የሸራ ገመድ ይጠመጥም ጀመር፤ ይፈታዋል፣ መልሶ ይጠመጥመዋል። አልከለከላትም።

ሱቁ ስትደርስ ሀስና ባልዲዎቹን በጨርቅ ትወለውላለች። ልጇ የያዘችውን መሣሪያ አየችና ጣቷን ዘረጋች።

«ደግሞ ልትወጊኝ ነው? አሁን እኮ ነው የወጋሽኝ!»

ረሂማ መሣሪያውን ቦርሳው ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋች። እትዬ ያለምወርቅ ከወዲያ ሆነው አይተዋት ወደ ሱቃቸው ውስጥ ገቡ። ረሂማ የቆርቆሮውን በር ግማሽ አወረደችና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«በጠራራ ፀሐይ ምን መዝጋት ነው? ገበያተኛ ይመጣል» አለች ሀስና።

«ይቆይ።» የተዘረጋችውን ጣት ያዘቻት። ቀዝቃዛ ነበረች። «እማ፣ ይሄ መሣሪያ የሚያየው ስኳርን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሌላ ምን ሊያይ ኖሯል?»

ረሂማ ቀዩን ሻሽ ከፌስታሉ አውጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ዘንድሮ ራስሽ ነሽ የምታደርሺው» አለች። «ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።»