ታሪኩ ውስጥ ያልነበረው በር

ዶክተር ዘካርያስ ለጃራ በሰጡት ታሪክ ውስጥ በር አልነበረም።

ሰብለወንጌል ይህን ያስተዋለችው ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ማታ የቤቷን በር ከውስጥ ቆልፋ፣ ጥቂት ሄዳ፣ እንደ ልማዷ ተመልሳ እጀታውን ስትጎትት። እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«እማዬ፣ ቆልፈሽዋል! አይቼሻለሁ እኮ» አለች ልጇ ሊዲ፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች።

«አይተሻል?»

«አይቻለሁ!»

ሰብለ እንደገና ጎተተችው። ሰው «አይቻለሁ» ሲላት አምና አታውቅም። ዛሬ ያስደነገጣት ግን በሩ አልነበረም።

«ሹፌር ነበር እኮ...» አለች ለራሷ። «የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሴት በር ስትቆልፍ የሚያየው የት ቆሞ ነው?»

ሰብለወንጌል አዳማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የምክር ማዕከል የምትሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። በወር አንድ ቅዳሜ በማዕከሉ አዳራሽ ሥልጠና አለ። ከአዳማ፣ ከመተሐራ፣ ከሻሸመኔ የሙያ ባልደረቦቿ ይመጣሉ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ነው፣ በአጭሩ ሲፒዲ ይሉታል፤ ያለ እሱ የሥራ ፈቃድ አይታደስም። የአዳራሹ ቁልፍ በእሷ እጅ ነው።

አሠልጣኙ ዶክተር ዘካርያስ ሦስት ሦስት ሰው አድርገው ያስቀምጧቸዋል። አንዱ ታካሚ፣ አንዱ አካሚ፣ ሦስተኛው ታዛቢ ይሆናል። የታካሚውን ታሪክ ሁሉም እየሰማ እሳቸው ይሰጣሉ። ሕጋቸው ሁለት ነው። አካሚ ምክር አይሰጥም፣ ይጠይቃል እንጂ። በልምምድ የተባለ ነገር ደግሞ ከክፍሉ አይወጣም፤ ሻይ ላይም፣ መንገድ ላይም፣ በስልክም አይነሳም።

የዚያን ቅዳሜ ታካሚው ጃራ ነበር። ከሻሸመኔ የሚመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። የተሰጠው ታሪክም አጭር ነበር፤ እንቅልፍ ያጣ የከባድ መኪና ሹፌር። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰብለ አካሚ ሆነች። የሥራ ባልደረባዋ ጂቱ ታዛቢ ሆና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እንቅልፍ የነሳዎት ምንድን ነው?» አለች ሰብለ፣ በልምምድ ደንብ አንቱ ብላ።

«አንዲት ሴት ናት።»

«ይንገሩኝ።»

«በር ትቆልፋለች። ግቢው መውጫ ትደርስና ትመለሳለች። ትጎትተዋለች። እኔ ቆሜ አያታለሁ... እወዳታለሁ። ግን አልነገርኳትም። ምን ላድርግ?»

ሰብለ የዚያን ቀን ደክሟት ነበር። ሊዲ ሌሊቱን ስታስል አድራ፣ እሷም የሳንባ ምች ነው ብላ ሳትተኛ አድራለች። ሕጉ ከአእምሮዋ ጠፋ።

«ወንድሜ፣ ይተዉዋት» አለች። «እንዲህ ዓይነት ሴት ሰው ታደክማለች። ዛሬ በሩን ነው፣ ነገ እርስዎን ነው የምትቆልፈው። ቤቱን እስር ቤት ታደርግብዎታለች።»

ጂቱ አፏን በእጇ ያዘች። ጃራ አንገቱን ደፋ።

«አመሰግናለሁ» አለ በቀስታ።

በአጠገባቸው የሚያልፉት ዶክተር ዘካርያስ ቆሙ። «ሰብለ! ምክር ሰጠሽ እኮ! ለዚያውም ፍርድ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብለም አብራ ሳቀች።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሁሌ የምታደርገውን አደረገች። አዳራሹን ቆልፋ፣ ግቢው መውጫ ደርሳ፣ ተመልሳ ጎተተችው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጃራ መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። «በሩ አልሄደም?» ይላታል። «አልሄደም» ትለዋለች። ከዚያ ጎን ለጎን እስከ አስፋልቱ ይሄዳሉ፤ እሷ ባጃጅ ትይዛለች፣ እሱ መናኸሪያ ይሄዳል። ይኼው ነበር። ከዚህ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

የዚያን ቀን መውጫው ላይ ሰው አልነበረም።

እና ማታ፣ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ፣ ገባት። ጃራ ሹፌሩን ትቶ የራሱን ነበር የነገራት። ይተዉዋት ብላ የፈረደችባት ሴት ደግሞ... እሷው ራሷ ናት!

ስልኳን አነሳች። አስቀመጠችው። በስልክም አይነሳም። ደግሞስ ብትሳሳት? በር የሚጎትት ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት? ለልምምድ የፈጠርኩት ወሬ ነው ብሎ ቢስቅባትስ?

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰብለ እንዲህ ሆና አልተወለደችም። ሊዲ ገና ስትድህ፣ አባቷ በጠዋት ለሥራ ወደ ሞጆ ወጣ፤ በመኪና አደጋ በዚያው ቀረ። ሰብለ ሕፃኗን እያለበሰች ስለነበር «ደህና ዋል» ያለችው ፊቷን ሳታዞር ነው። ከዚያ ወዲህ ክፉ ነገር ድንገት እንዲመጣባት አትፈልግም። ቀድማ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ስልክ ቢዘገይ አደጋ ነው። ልጅ ብታስል ሳንባ ነው። ደስ ሲላት ደግሞ ይብስባታል፤ ይህም ሊወሰድብኝ ነው ትላለች።

ለታካሚዎቿ ግን ደህና ሐኪም ናት። የሰውን ፍርሃት እንደሷ የሚያውቅ የለም።

በሚቀጥለው ወር ጃራ መጣ። ሰላም አላት፤ በአክብሮት፣ እንደ ሩቅ ሰው። ሄዶ መስኮቱ ሥር ከመተሐራዎቹ ጋር ተቀመጠ። ሰብለ በሰላም መግባቱን አይታ እፎይ አለች።

በሻይ ሰዓት ጂቱ ቦምቦሊኖዋን ይዛ መጣች።

«ሰማሽ? ወደ ሐዋሳው ቡድን ልዛወር ብሎ ጠይቋል። እዚህ ዛሬ መጨረሻው ነው።»

«ማን?»

«ማን ትያለሽ! መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ነዋ።»

«ለምን?»

«ይቀርበዋላ። ከሻሸመኔ ሐዋሳ የያዝሽውን ወሬ ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ። እኔን የሚገርመኝ አሁን መሄዱ አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

«እስከዛሬ በጠዋት ተነስቶ፣ ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጦ፣ አዳማ ድረስ ለምን ይመጣ እንደነበር ነው!» ጂቱ ቦምቦሊኖዋን ገመጠች። «እኔ ምንም አላልኩም። ታዛቢ ነበርኩ፤ ታዛቢ አይናገርም። ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ይሄ ሕግ አንድ ቀን ይገድለኛል።»

ሰብለ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ስትፈራ የኖረችው ሰው መንገድ ሄዶ እንዳይቀርባት ነበር። ይሄኛውን ግን ሂድ ያለችው ራሷ ናት።

ቀጥ ብላ ወደ ዶክተር ዘካርያስ ሄደች።

«ዶክተር፣ ያለፈውን ልምምድ አበላሽቻለሁ። ልድገመው።»

መድገም የተለመደ ነው። ያበላሸ ሰው ይደግማል።

«ጥሩ። አካሚ ሆነሽ?»

«አይ... አሁን ታካሚ ልሁን። ጃራ አካሚ ይሁን።»

«ታሪኩስ?»

«ያው ነው። በሯን የምትጎትተውን ሴት ልሁን።»

ዶክተር ዘካርያስ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። «ጃራ! ወዲህ ና» አሉ።

«እኔ ታዛቢ ነኝ!» አለች ጂቱ፣ ወንበሯን እየጎተተች። «ያለፈውንም የታዘብኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አይቀማኝም!»

ሦስቱም ጥግ ላይ ተቀመጡ። ጃራ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ፊቱ እንደ ባለሙያ ፊት የረጋ ነበር።

«ምን ያስጨንቅዎታል?» አለ።

«በር እቆልፋለሁ። ከዚያ አልቆለፍኩትም ብዬ እመለሳለሁ።»

«ሲመለሱ ምን ሆኖ ያገኙታል?»

«ተቆልፎ።»

«ታዲያ ምን ፈርተው ነው?»

«ሳላየው የሚወጣ ነገር እንዳይኖር። መውጫው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እሱ እያለ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምመለሰው። እሱ ሲቀር... እየተመላለስኩ ነው።»

«ለምን ቀረ?»

«ይተዋት ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። ስለማን እንደሚያወራ ሳላውቅ።»

የጂቱ እስክሪብቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

የጃራ ያ የረጋ ፊት ቀስ በቀስ ፈረሰ።

«አውቀው መስሎኝ ነበር» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አውቀው፣ በዚያ መንገድ አይሆንም ያሉኝ መስሎኝ ነበር።»

«ማታ ነው የገባኝ። ቤቴ በር ላይ ቆሜ።»

«ታዲያ ያሉት ነገር... ቤቱን እስር ቤት ታደርጋለች ያሉት...»

«እሱ እውነት ነው!» አለች ሰብለ። እንባዋ መጣ። «መዋሸት አልፈልግም። የምወደው ሰው መንገድ ሲወጣ እኔ ያየሁት ሁሉ አደጋ ነው። ሰው አደክማለሁ። ግን... ይተዋት ማለት አልነበረብኝም። ይጠይቃት ማለት ነበረብኝ።»

«ሰዓት አልቋል!» አሉ ዶክተር ዘካርያስ ከወዲያ።

ጃራ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ግን መልሶ ዘጋው። በክፍሉ ውስጥ የተባለው በክፍሉ ውስጥ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ስለ ሐዘን ትምህርት ነበር። ሰብለ አንድም ቃል አልሰማችም።

ሲያልቅ ሁሉም ወጣ። ጂቱ እንኳን «ቸኩያለሁ» ብላ ሮጠች፤ ጂቱ ቸኩላ አታውቅም። ሰብለ መስኮቶቹን ዘጋች። በሩን ቆለፈች። ወደ ውጭ አላየችም። እንደማይኖር እርግጠኛ ነበረች፤ መቅረቱን ቀድማ ጠብቃዋለች፣ ስለዚህ ብዙም አያማትም። እንዲህ ብላ ወደ መውጫው ሄደች።

ጃራ እዚያው፣ የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል።

እግሯ ግን በልማዱ ዞረ። ተመለሰች፣ ጎተተች፣ መጣች።

«በሩ አልሄደም?» አላት።

«አልሄደም።» ቀና ብላ አየችው። «አንተስ?»

«እኔማ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ውስጥ የተባለው ከውስጥ አይወጣም» አለ ጃራ። «ስለዚህ እንደ አዲስ ልጀምር። ሰብለ፣ እወድሻለሁ። ሐዋሳ እዚያው ደጄ እያለ እዚህ የምመጣው በር ስትጎትቺ ለማየት ነው።»

«ምኑ ይታያል?» እየሳቀች አለቀሰች። «በሽታ ነው እኮ!»

«ሰዎቿ እንዳይጎድሉባት የምትመለስ ሴት ነው የማየው።»

«ታደክምሃለች።»

«ይድከመኝ።»

«መንገድ ላይ ስትሆን ቶሎ ካልደወልክ ሞተሃል ነው የምለው!»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ያን ዕለት ወደ ሻሸመኔ ሲመለስ ስልኳ ዕረፍት አጣ። «ሞጆ ነኝ።» «መቂን አለፍን።» «ባቱ ነኝ፣ ዓሣ እየተሸጠ ነው።» «አርሲ ነገሌ።» ሊዲ የቤት ሥራዋን ትታ አፈጠጠች።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ የአውቶቡስ ረዳት ነው እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ» አለች ሰብለ። ፈገግታዋን ግን መደበቅ አቃታት።

ወደ ሐዋሳ የጠየቀውን ዝውውር ተወው። ከጥቂት ወራት በኋላ አዳማ ሥራ አገኘ። ሽማግሌ ተላከ። በመሃል ሰብለ ብዙ ጊዜ ፈርታለች፤ ሁለት ጊዜ «ይቅር» ብላዋለች፣ ሁለቱንም ጊዜ «ምንድን ነው የፈራሽው?» ብሎ ብቻ ጠይቋት ቁጭ ብሎ ሰምቷታል። ምክር አልሰጣትም። ሊዲ ደግሞ በራሷ መንገድ ፈተነችው።

«ጋሼ፣ እርስዎም በር ይጎትታሉ?»

«እኔ ቆሜ ማየት ነው ሥራዬ።»

«ደህና። ሁለት ጎታች ይበዛብን ነበር።»

ሠርጉ ትንሽ ነበር፤ ሶደሬ ምሳ ተበላ፣ ጂቱ ለምናምን ወር አፍና የያዘችውን ወሬ በሙሉ ማይክ ይዛ ዘረገፈችው። ዶክተር ዘካርያስ «ከክፍሉ አይወጣም!» እያሉ ጮሁ፣ የሰማቸው የለም።

ማታ ቤታቸው ገቡ። ሊዲ ጫማዋን ጥላ ክፍሏ ገብታ ተኛች። ጃራ ኮቱን ወንበር ላይ አንጠለጠለ። ሰብለ የሠርግ ቀሚሷን ሰብስባ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ቁልፉን አዞረች። ቀጭ አለ።

ጥቂት ሄደች። ቆመች። ሊመልሳት የሚጎትታት ያ የድሮ ነገር መጣ።

ጃራ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደ ልማዱ።

«ቆልፈሽዋል» አለ። «አይቻለሁ።»

«አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

የሊዲ ትንፋሽ ከክፍሏ ይሰማል። የጃራ ኮት ወንበሩ ላይ ነው። ውጭ የምትጠብቀው ሰው የለም፣ ሁሉም ውስጥ ናቸው።

ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ ወደ በሩ ግን አልተመለሰችም።