ሃያ ቀይ ጨርቅ

ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በበረሃው ጫፍ ባለው የመንገደኞች ማረፊያ ቤት፣ ስምንት ካልሲና ሃያ ቀይ ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ መሰጣቱ ለሚመለከተው ሁሉ ይገለጻል። ያጠበችው ሰባ ዓመት ያለፋት የቤቱ ጠባቂ ናት። በረንዳዋ ላይ ከማለዳ ጀምሮ አስከሬን ተጋድሟል፤ ዓይኗን ከዚያ ለማሸሽ ስትል እጇ ያገኘውን ሁሉ አጥባለች።

ካልሲው የአራት ሰው ነው። አምስተኛው ሰው ካልሲውን እንዳደረገ በረንዳው ላይ ነው።

መርማሪዋ ከመኪና የወረደችው ወገቧን ይዛ ነው። ጡረታዋ አራት ወር ቀርቶታል፤ ጫማዋ ግን ቀድሟት የወጣ ይመስላል።

«አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው» አላት አሥር አለቃው። «መፈረም ብቻ ነው የቀረው።»

«ካለቀ ለምን ጠራችሁኝ?»

«የኔ ፊርማ አይበቃም አሉ።»

አንሶላውን ገለጥ አደረገችው። ሟቹ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። አፍና አፍንጫው በቀይ ጭቃ ተደፍኗል። ከቤቱ አራት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ በሆነ ወንዝ ውስጥ ነው የተገኘው። ትናንት አመሻሽ ላይ ግን ወንዙ ደረቅ አልነበረም።

አሥር አለቃው አስረዳት። አምስቱ ሰዎች በረሃውን በእግር ለማቋረጥ አሥራ ሁለት ቀን ተጉዘዋል። አቧራ ሲነሣና ዓይን ማየት ሲሳነው መንገድ መሪው ከፊት እየሄደ፣ በየሃምሳ እርምጃው ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ቀጭን ብረት ይተክላል። የመጨረሻው ሰው ብረቱን እየነቀለ ይሰበስብና ማረፊያ ሲደርስ ከረጢት ውስጥ ይከተዋል። የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ መምህሩ ነበር፤ ቦታውን ለማንም አይሰጥም።

«ትናንት አውሎ ነፋሱ መጣ፣ በላዩ ዝናብ። መሪው ምልክቱን ሳይተክል ነፍሱን ይዞ ሮጠ። ሽማግሌው መንገድ ስቶ ወንዙ ውስጥ ገባ፤ ደራሽ ውሃ ወሰደው።»

«እንዳልተከለ በምን አወቅህ?»

«ጠዋት ስንወጣ አንድም ምልክት ቆሞ አላገኘንም። ሃያውም ከረጢቱ ውስጥ፣ በሩ ጋ ነበር። ቆጥሬዋለሁ።»

«መቁጠርህ ጥሩ ነው» አለች። እሷን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምስጋና አይደለም።

መንገድ መሪው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ እጁ በካቴና ታስሮ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። አሥር ዓመት እስር እንደሚጠብቀው አሥር አለቃው ከወዲሁ አስልቶ ነግሮታል።

«ተክለሃል?»

«ሃያውንም። የመጨረሻውን እዚሁ ደጃፉ ላይ ነው የተከልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተጋደምኩ። ስባንን ከረጢቱ ሞልቶ በሩ ጋ ቆሟል። ከረጢቱ ሞላ ማለት መምህር ገባ ማለት ነው። መልሼ ተኛሁ።»

«አልጋውን አላየህም?»

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከረጢቱን እንጂ አልጋውን አይቼ አላውቅም።»

«ይህን ለአሥር አለቃው ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ይኸው፣ ሙሉ እንደነበር ራስህ መሰከርክ› አለኝ።»

መርማሪዋ ወደ ገመዱ ሄደች። ጠባቂዋ የመጨረሻውን ካልሲ ትጨምቃለች።

«እትዬ፣ ጨርቆቹን ለምን አጠቧቸው?»

«ጭቃ ነበሩዋ። ቀይ ጭቃ። የቆሸሸ ሳይ እጄ አያርፍም፣ ልጄ።»

«ብረቶቹንስ?»

«ብረት ደግሞ ማን ያጥባል? ወገቤን ከየት አመጣለሁ?»

ብረቶቹ ግድግዳው ሥር ተከምረዋል። እያንዳንዱ እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ጭቃ ለብሷል።

ሦስቱ መንገደኞች ምግብ ቤቱ ውስጥ ናቸው። የሟቹ የእህት ልጅ ወለም ያለውን እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላለች። የጥርስ ሐኪሙ ከሦስት ቀን በፊት ድንጋይ የቆረጠውን ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሏል። ጫማ ነጋዴው ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ስለዚህም ይመስላል የሚያወራው እሱ ነው።

«ሦስታችንም ተያይዘን ነው የገባነው» አለ።

«ተያይዘን እንኳ አይባልም» አለ ሐኪሙ። «እሷ የኔን ትከሻ ይዛ ነበር። አንተ ከኋላችን ነበርክ።»

«መንገዱን እንዴት አገኛችሁት?» አለች መርማሪዋ።

«ቀዩን እያየን» አለች የእህት ልጅ። «ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው፣ እስከ በሩ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ለአሥር አለቃው ነገርሽው?»

«አልጠየቀንማ። ፖሊስ መሪው ነው ካለ እኛ ምን እናውቃለን?»

«እርስዎስ?» ወደ ነጋዴው ዞረች።

«እኔማ ሁለቱን ዱላዎቼን ተደግፌ፣ እየወደቅኩ እየተነሣሁ፣ እስከ ደጃፉ። ዱላ ባይኖረኝ ዛሬ የሚያዩት ሬሳ ሁለት ነበር።»

«ይህን ሁሉ መንገድ በእግራችሁ?»

«እያንዳንዷን እርምጃ» አሉ ሦስቱም፣ አንድ ላይ ማለት ይቻላል። ሙሉ መንገዱን በእግሩ ለጨረሰ የእግረኞች ማኅበሩ ሜዳሊያ ይሰጣል፤ መጨረሱን አይቶ የሚፈርመው መምህሩ ነበር።

ከበሩ ጀርባ የመንገደኞቹ ዱላዎች ተደግፈዋል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። የነጋዴው ተጣጥፈው ሽፋናቸው ውስጥ ነበሩ። አውጥታ ጫፋቸውን በጣቷ ነካች፤ ጣቷንም ቀመሰችው።

ለምሳ ሰዓት ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። መሪውን ከነካቴናው አስገቡት። ጠባቂዋ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። መርማሪዋ መቆም ስላልቻለች ተቀምጣ ተናገረች።

«አሥር አለቃ፣ ያልተተከለ ብረት አንድ ስንዝር ጭቃ አይለብስም። ስለዚህ መሪው ተክሏል። ዶክተሩና ይህች ልጅ ምልክቱን እያዩ ገብተዋል። ስለዚህ እነሱ ሲያልፉ ምልክቱ ቆሞ ነበር። መምህሩ ሲደርስ ግን አልነበረም፤ ቢኖር ወንዝ ውስጥ ምን ያደርጋል? በመካከል የነቀለው ሰው አለ።»

«ራሱ መሪው ተመልሶ ቢነቅለውስ?» አለ አሥር አለቃው።

«እትዬ፣ ይሄ ልጅ ከገባ በኋላ ወጥቷል?»

«የት ይወጣል?» አለች ጠባቂዋ። «ከነጫማው አንሶላዬ ላይ ተዘርግቶ፣ ስጎትተው እንኳ አልሰማኝም። አንሶላው ገና አልታጠበም።»

«ከሁለቱ ኋላ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሃያ ብረት ነቅሎ ተሸክሞ ዱላ መያዝ አይቻልም። የዶክተሩም የልጅቷም ዱላዎች በወንዙ ዳር ቀይ ጭቃ ተለውሰዋል። የእርስዎ ዱላ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ጨው ነው፤ ትናንት ጠዋት ያቋረጣችሁት የጨው ሜዳ። ዝናቡ ሳይነካው ታጥፎ ሽፋን ውስጥ ገብቷል። እስከ ደጃፉ የተደገፉት በምንድን ነው?»

ነጋዴው ሐኪሙን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት።

«ብረቶቹን ወንዙ ውስጥ ቢጥሏቸው ኖሮ ጎርፍ ወሰዳቸው ብዬ ፈርሜ እሄድ ነበር» አለች። «ግን አሥራ ሁለት ቀን ሲደረግ ያዩትን አደረጉ፤ አምጥተው ከረጢታቸው ውስጥ መለሷቸው። ሰው ሲደክመው የሚሠራው የለመደውን ነው።»

«ደክሞኝ ነበር» አለ ነጋዴው። ድምፁ ዛሬም የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «መኪና ተሳፍረሃል፣ አልፈርምልህም አለኝ። ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ነው የመጣሁት። ልጆቼ ለሜዳሊያው ሱቁ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትተው እየጠበቁኝ ነው። እሱም አንዴ መንገድ ቢስት፣ ሰው የሚያቅተው ነገር እንዳለ ይገባው ነበር ብዬ ነው። ጠዋት ይመጣል ብዬ ነው።»

«መኪና?» አለ ሐኪሙ። «እኛ እግራችን እየተላጠ፣ አንተ መኪና?»

«አጎቴን ለዚህ ብለህ?» አለች የእህት ልጅ፣ ፊቷን እያዞረች።

አሥር አለቃው ካቴናውን ከመሪው እጅ ፈታ። መሪው አንጓውን እያሻሸ ቆመ። «እኔ በምመራው ጉዞ አንድ ሰው መኪና መያዙን ባውቅ፣ እዚያው እመልሰው ነበር» አለ። «ሰው ከኋላ ጥዬ አላውቅም።»

ነጋዴው አፉን ከፈተ፤ ሦስቱን በየተራ አየና መልሶ ዘጋው። እጆቹን ለካቴናው ዘረጋ።

ደጅ ላይ የጭነት መኪና ቆመ። አስከሬኑን ወደ ከተማ እንዲወስድ አሥር አለቃው ያስጠራው ነው። ሾፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በጓሮው በር ገባ፤ ቤቱን ቃኘና ፊቱ ፈካ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ? ቤተ ዘመድ። አንቺ፣ ያን ቀን ከጭነቱ ላይ ስትንጫጪ አልነበር፣ እግርሽን ምን ነካሽ? ዶክተር፣ ባርኔጣዎን ጨው ላይ ጥለውት ወርደው፣ ይኸው ይዤልዎት እዞራለሁ።» የመሪውን ትከሻ መታ አደረገ። «አንተ ዛሬም ጋቢና ነህ?»

መርማሪዋ የዘጋችውን ማስታወሻ ደብተር እንደገና ከፈተች።

«ያ ሽማግሌስ?» አለ ሾፌሩ። «አልሳፈርም ብሎ ብቻውን በእግሩ የቀረው። ደረሰ?»

ጠባቂዋ በመጥረጊያዋ ወደ በረንዳው አመለከተችው።