የእኔና የእህቴ ቲዩብ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ላብራቶሪው ውስጥ የቀረነው እኔና ታላቅ እህቴ ብቻ ነን።

ሥራችን ፕሮቲን መፍታት ነው። ፀጉርና ጥፍር ጠንክሮ የሚቆየው ውስጡ ያለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ስለተቋጠረ ነው። እኛ ቋጠሮውን የሚበጥስ ፈሳሽ ጨምረንበት እንቀቅለዋለን። ፈሳሹ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ስንት ዓመት ብትሠሩበትም አይለመድም።

የዚያን ቀን የሙከራ ፀጉር አለቀብን። እንደ ልማዳችን ከራሳችን ቆረጥን... የእሷን በአንድ ቲዩብ፣ ጣት በምታህል የመስታወት ብልቃጥ፣ የእኔን በሌላ። ፈሳሹን የጨመርኩት በእሷ ላይ ብቻ ነው። የእኔ ለማወዳደሪያ ነበር።

ሁለቱንም ማሞቂያው ውስጥ ከተትኩ።

"ሚጣ..." አለች በሹክሹክታ። "ሽታው ከየት ነው?"

"ከጠርሙሱ ነዋ፣ እትዬ።"

"ተከድኗል እኮ።"

እውነቷን ነው። ሽታው የሚመጣው ከራሷ ከእህቴ ገላ ነበር።

ጓንቷን አወለቀች።

ጥፍሮቿ ጓንቱ ውስጥ ቀሩ።

መጀመሪያ ደም አልነበረም... ከዚያ መጣ።

"አውጪው! ቲዩቤን አውጪው!"

የማሞቂያው ክዳን አልከፈት አለኝ። ብረት አንስቼ ቀጠቀጥኩት። ከኋላዬ እህቴ ወደቀች፤ ጭንቅላቷ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተላተመ። ፀጉሯ ከነቆዳው ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ክዳኑ ተሰበረ። የእሷን ቲዩብ መንጭቄ አጠገቡ ባለው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ወሸቅኩት።

የእህቴ ጩኸት ቆመ።

"ተረፍሽልኝ፣ እትዬ..." እያልኩ ዞርኩ።

ቆማለች። ጥፍር በሌላቸው ጣቶቿ ጠርሙሱን ይዛ ፈሳሹን ታንጠባጥባለች... ማሞቂያው ውስጥ በቀረው በእኔ ቲዩብ ላይ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ብቻዬንማ አይሆንም፣ ሚጣዬ።"

ገፈተርኳት። ክንዴን ነከሰችኝ፤ ጥርሶቿ ተነቅለው ሥጋዬ ውስጥ ቀሩ። ቲዩቤን ነጥቄ፣ ከበረዶው ዘግኜ ሮጥኩ። በሩንም በላይዋ ቆለፍኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የገዛ እህቴ ላይ።

ሰዎች ሲከፍቱት ወለሉ ላይ ጋዋኗ ብቻ ነበር።

ቲዩቤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ፣ በረዶ ውስጥ ነው። እስከቀዘቀዘ ድረስ ምንም አልሆንኩም።

ዛሬ ፍሪጁ ተከፍቶ አገኘሁት። ቲዩቡ የለም። እጀታው ያን ሽታ ይሸታል።

የምኖረው ብቻዬን ነው...

አሁን፣ ይህን ስጽፍላችሁ፣ ከወጥ ቤት ውሃ ሲንተከተክ ይሰማኛል።