ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ

«ለእናትየዋ ቦታ ከሆነ የመጡት ዛሬ የተዋናይ ፈተና የለም፤ ሰው ሞቷል» አሉ ዘበኛው የቴአትር ቤቱን በር ገርበብ አድርገው።

«እኔ የመጣሁት ለሞተው ነው።»

ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ለእሱ ቦታማ ወንድ ነው የሚፈልጉት።»

መርማሪዋ መታወቂያዋን አሳየቻቸው። ባልደረቦቿ «ቆይማ» ይሏታል፤ ሰው ሁሉ ጨረስኩት ያለውን ነገር በዚህች ቃል መልሳ ስለምትጀምረው።

ሟቹ ፍልስፍና አስተማሪ ነበር፤ ሁሉም «ዶክተሩ» ይለዋል። ስለ ፍቅር ሦስት መጽሐፍ ጽፎ ከሦስት ሴት ጋር መኖር ያቃተው ሰው ነው። ታዲያ ውድቀቱንም አላባከነው፤ ተውኔት አደረገውና ዋናውን ሰው ራሱ ይጫወት ጀመር። ዛሬ ጠዋት በልምምድ ላይ፣ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሲደርሱ፣ ተዋናይቱ እጆቿን ዘርግታ ቀረበችው። እሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የመድረኩ ወለል ክዳን ከእግሩ ሥር ተከፈተና ታች ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አንገቱ ተሰበረ።

«መቀርቀሪያውን በዕረፍት ሰዓት ራሴ ዘግቼ ክዳኑ ላይ ዘልዬበታለሁ» አለ አዘጋጁ። ፊቱ ላይ የሚታየው ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነበር፤ ተውኔቱ ሊከፈት ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«ከዚያ በኋላስ?»

«እኔ፣ ተዋናይቱና የአልባሳት ኃላፊዋ፣ ሦስታችንም ታች ወረድን፤ መልበሻው እዚያ ነው። ግን ምን ያደክምዎታል? እየገፋች ወደዚያ የወሰደችው እሷ ናት። ጠዋትም ተጣልተዋል። እኔ ሞኙ ለእቅፉ ብዬ መብራቱን ሁሉ ወደ ፊት አዙሬ፣ ኮቱ ብብቱ እንዲላላ አዝዤ…»

«የምን እቅፍ?»

«ዶክተሩ ጠዋት ለመጨረሻው ትዕይንት አዲስ ገጽ አምጥቶ ለሦስታችንም አደለን። ወደ ፊት ሄዶ ያቅፋታል ይላል።»

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበር። «ልጅቷን ይዘሽ ነይና ፋይሉን እንዝጋው።»

«ቆይማ» ብላ ዘጋችበት።

ተዋናይቱ የዶክተሩ እጮኛ ነበረች። ሁለት ትልልቅ ጉትቻዎች በመዳፏ ጨብጣ ተቀምጣለች።

«ምን አጣላችሁ?»

«ትወደኛለህ ወይ አልኩት። ጥያቄው በትክክል አልተቀመጠም አለኝ።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። «ጉትቻውን ለምን አወለቅሽው?»

«ሲያቅፈኝ ኮቱን እንዳይዘው ብዬ። አቅፎኝ እኮ አያውቅም። ገጹን ሳየው ለኔ ብሎ የጻፈው መሰለኝ።» ቀና አለች። «አልነካሁትም። ይይዙኛል አይደል?»

«እስካሁን አላወቅሁም» አለቻት። እውነቷን ነበር፤ ይኸው ነው ያበሳጫት።

የአልባሳት ኃላፊዋ ክፍል ከመድረኩ ሥር ነው፤ ከበሯ እስከ መቀርቀሪያው አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ሴትየዋ የሟቹ የቀድሞ ሚስት ናት። ግድግዳው ላይ የዕለቱ ሥራ ተለጥፏል፤ «የዶክተሩ ኮት፣ ብብቱ ይላላ» የሚለውን ጨምሮ ሁሉም እንዳለቀ ሥራ ተሰርዟል።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«እኔ ኖርኩ። እሱ ያነብ ነበር።»

«በተውኔቱ የመጀመሪያ ገቢር የምታለቅሰው ሚስትስ?»

«ለቅሶው የኔ ነው፤ ቃል ሳይጎድል። ቀሚሷንም የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ጠዋት የታዘዙትን ሁሉ ጨረሱ?»

«ሥራ አሳድሬ አላውቅም።»

መርማሪዋ ወጥታ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹን ክንድ ቀስ ብላ አነሣችው። ኮቱ ብብቱ ላይ ያዘው። ስፌቱን ገልጣ አየችው፤ ክሩ አሮጌ ነው፤ መቀስ አልነካውም።

ከዚያ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«መቀርቀሪያው ከተሳበ በኋላ ክዳኑ ሰው እስኪረግጠው ድረስ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል» አለች። «የሳበው ሰው ዶክተሩ ወደ ኋላ እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበር። ገጹ ግን ወደ ፊት ይላል፤ ሦስታችሁም አንብባችሁታል። እንግዲህ ገጹን ያመነ ሰው ከኋላው ወጥመድ አያጠምድም። አዘጋጁ አምነዋል፤ መብራቱን አዙረዋል። አንቺም አምነሻል፤ ጉትቻሽን አውልቀሻል።»

ወደ አልባሳት ኃላፊዋ ዞረች። «እርስዎ ግን ኮቱን አልነኩትም። በዚያ ኮት ሰው ማቀፍ አይቻልም፤ ክንድ አያስነሣም። ሥራ አሳድረው የማያውቁ ሴት ዝርዝሩን ሰርዘው ሥራውን ተዉት። ለማያቅፍ ሰው ብብት ማላላት ድካም ነዋ።»

የተዋናይቱ ፊት በራ፤ ወዲያው ግን ጠቆረ። ነጻ መውጣቷና ዶክተሩ ሊያቅፋት እንዳልነበረ የተነገራት በአንድ ጊዜ ነው።

ሴትየዋ አልካደችም። «እኔ አልገፋሁትም» አለች ቀሚሷን እያስተካከለች። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት ጠብቄው፣ ጭራሽ ለሌላ ሴት በወረቀት ጽፎ አመጣልኝ። እሺ፣ እንየው አልኩ። እንዳለው ቢራመድ ኖሮ ይሄኔ ምሳውን እየበላ ነበር።»

«ቆይማ» አለች መርማሪዋ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ላልቶ። «ቢራመድስ ኖሮ? ትንሽ እንኳ አልተጠራጠሩም?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት።

«እርስዎ አግብተውት አያውቁም።»