ለሁሉም የገጠመው ክዳን

ዓለም በሁለተኛው ታላቅ ጦርነት በምትታመስበት በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር አጋማሽ፣ በዕለተ ሰኞ ጠዋት፣ በአንዲት የሩቅ አገር ከተማ ከጦር ሰፈሩ ቁልቁል በሚወርደው በድንጋይ በተነጠፈ መንገድ የወታደር ጫማ ድምፅ ተሰማ፤ ከፊት የከተማይቱ የጸጥታ ሹም የሆነው ሻምበል፣ ከኋላው አስተርጓሚውና ሁለት ወታደሮች ይከተሉት ነበር። ከተማይቱ በባዕድ ጦር እጅ ከወደቀች ሃያ ወር ሆኗታል፤ ሰዉም የጫማ ድምፅ በሰማ ቁጥር መስኮት መዝጋት ለምዶ ነበርና እንደ ልማዱ ዘጋ። ሻምበሉ ግን ወደ መስኮቶቹ ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ በካፖርቱ ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ የናስ ክዳን በጣቱ እያሽከረከረ፣ በጫማ ሰፊውና በመጽሐፍ ጠራዡ መካከል ተጣብቃ ወደቆመች ጠባብ የሥራ ቤት በቀጥታ ገባ።

የሥራ ቤቷ ባለቤት ብረት በሚያሽከረክር በአንድ አሮጌ ቶርኖ ላይ የናስ ብዕር እየቆረጠ የሚሸጥ፣ አጭርና ደረቅ፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነበር። የመዝገብ ስሙን ሚስቱም የምታስታውሰው ስትናደድ ብቻ ነው፤ አገሩ በሙሉ «አቶ ልክ» ይለዋል። ጎረቤት በር ቢያስገጥም፣ «ልክ አይደለም»፤ ቄስ ደወል ቢደውል፣ «ልክ አይደለም»፤ ሚስቱ በሠርጋቸው ቀን ቀለበት ብታጠልቅ እንኳ ጣቷን አገላብጦ አይቶ «ትንሽ ይሰፋል» ያለ ሰው ነው። እግዜር ያሳያችሁ! ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት መኖር ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው።

የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። በብዕሩ እጀታና በክዳኑ ላይ እየዞረ የሚያያይዛቸውን ጠመዝማዛ ጥርስ ከቆረጠ በኋላ፣ ደቃቅ የድንጋይ ዱቄት በዘይት ለውሶ በመካከላቸው ይቀባና፣ ሁለቱ እስኪላመዱ ድረስ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያጠብቅና ሲያላላ ይውላል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ክዳን በሌላ ብዕር ላይ ሁለት ዙር ይሄድና በሦስተኛው ቀጥ ይላል። ይህንንም ዝም ብሎ መሥራት ሲችል፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ እንዲህ ሲል ጻፈበት፦ «የእያንዳንዱ ብዕር ክዳን ለራሱ ብዕር ብቻ ይገጥማል። ለሌላው ገጥሞ ያገኘ፣ ብዕሩን በነጻ ይውሰድ።» አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ሰሌዳው ስድስት ዓመት ሙሉ ማንንም ሳይጎዳ ተሰቅሎ ኖረ፤ በሰባተኛው ዓመት ሻምበሉ ቆሞ አነበበው።

ሻምበሉ ክዳኗን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ በአስተርጓሚው አፍ ነገሩን አስረዳ፦ ከሦስት ቀን በፊት በገዥው ግቢ በር ላይ ሕዝቡ ለባዕድ ጦር እህል እንዳያስረክብ የሚቀሰቅስ ወረቀት ተለጥፎ አድሯል፤ ከወረቀቱ ሥር ይህች ክዳን ወድቃ ተገኝታለች፤ ሰሌዳው እንደሚለው ከሆነ ክዳኗ የምትገጥመው ለአንድ ብዕር ብቻ ነው፤ የብዕሩ ባለቤትም በጥይት ይቀጣል።

አቶ ልክ ክዳኗን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን አያት፤ አይቶም አወቃት። በውስጧ መቁረጫው አምልጦት የጫረው ቀጭን መስመር ነበረ። በዚያ ጭረት አፍሮ ብዕሩን ለገበያ ስላላወጣው፣ እንከን ያለበት ዕቃ ለዘመድ ነውና ለሚስቱ ታናሽ እህት በስጦታ ሰጥቷት ነበር። ሴቲቱ የከተማይቱ አዋላጅ ነች፤ ምጥ ሰዓት አይመርጥምና፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ በመንገድ እንዲሄዱ የይለፍ ወረቀት ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበረች። ወረቀቱን ማን እንደለጠፈው ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱን ግን እንደ ናሱ አድርጎ ይዞ፣ ክዳኗ ከእጁ መውጣቷን አመነ፤ የማን እንደሆነች ግን መቶ አርባ ሦስት ብዕር ከቤቱ አውጥቶ እንደማያስታውስ ተናገረ።

ሻምበሉም ይህን መልስ ጠብቆት ኖሮ አልተቆጣም። ሰው በወታደር ከተፈለገ ብዕሩን ወንዝ እንደሚጥል ያውቃልና፣ ብዕሮቹን በአሥር ቀን ውስጥ ሠሪው ራሱ በማስታወቂያ እንዲሰበስብ፣ ሰበቡንም እሱው እንዲፈልግ አዘዘ። እንዲያውም ሰው እንዳይጠራጠር ብሎ፣ ካቻምና ከዚያው ቤት የገዛውን የራሱን ብዕር ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ «የመጀመሪያው የኔ ይሁን» ሲል አስረከበ። ክዳኗን ግን መልሶ ኪሱ ከተታት።

እነሱ እንደወጡ፣ በመጋረጃው ጀርባ ብዕር ስትወለውል ሁሉንም የሰማችው ሚስቱ ጨርቋን እንደያዘች መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አቶ ልክ እምቢ ብሎ ወህኒ እንደሚወርድ ነገራት። እሷም ወህኒ መውረዱ ለእህቷ ምን እንደሚፈይድ ጠየቀችው፤ እሱ ቢታሰር ብዕሮቹን ወታደር ቤት ለቤት ይሰበስባቸዋል፤ ክዳን የሌለው ብዕር የተገኘባት ሴት ደግሞ አንድ ቀን አታድርም። ከዚያም ክዳኗ ለአንድ ሳይሆን ለሁሉም እንድትገጥም ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ሐሳቡ ለእሱም መጥቶለት ነበር፤ አፉ ግን አልታዘዝ ብሎታል።

«ይቻላል» አለ በመጨረሻ። «የእጀታዎቹን ጥርስ እየላጩ ማሳነስ ነው። ያን ጊዜ ማንኛውም ክዳን ማንኛውም ላይ ይገባል። ግን እኮ ማበላሸት ነው። የሠራሁትን ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ በገዛ እጄ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አለችው። «ስምህ ከመቃብር በላይ ይዋል፤ እህቴም ከመቃብር በላይ ትዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆነልህ ግን እኔ የምመርጠውን ታውቃለህ።»

አቶ ልክ ወረቀት ስቦ፣ በዕድሜው ጽፎት የማያውቀውን ጻፈ፦ «ከዚህ የሥራ ቤት የወጡ ብዕሮች ሁሉ የጥርሳቸው አቆራረጥ ጉድለት አለበት። ጥፋቱ የሠሪው ነው። ያለ ክፍያ ስለሚታረሙ እጀታቸውን ብቻ አምጡ።» ሻምበሉም ሰበብ መስሎት ሳቀና፣ እንዲታመን ብሎ ከበታቹ የጸጥታውን ማኅተም መታበት።

ወሬው ከተማዋን አዳረሳት። አቶ ልክ ተሳስቻለሁ አለ! ዳኛው ብዕሩን ሲያስረክብ የሰው ፍጻሜ እንዲህ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ መምህሩ አመጣ፣ ፖስታ ቤት አመጣ፤ ጎረቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ በሩን ሲገጥም ስንት ጊዜ «ልክ አይደለም» እንደተባለ አልረሳምና፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ አነበበው። አቶ ልክ ጥርሱን ነክሶ ሁሉንም «ይታረማል» እያለ ተቀበለ። በአራተኛው ቀን አዋላጇ መጣች፤ ክዳን የሌለውን ብዕሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ወደ ሻምበሉ ሄዳ እጇን ልትሰጥ ቆርጣ ነበር።

«ጋሼ፣ በኔ ጥፋት እርስዎ ለምን ይዋረዳሉ?» አለችው።

«አንቺ ልጅ አዋልጂ» አላት ብዕሩን ከእጇ እየተቀበለ። «ብዕር የኔ ጉዳይ ነው። ደግሞም ጨርቅ ይዘሽ መሄድ ተዪ፤ ሌላ ክዳን ሠርቼልሻለሁ።»

ከሥራው ሁሉ የከበደው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። መላጨት በጀመረ ቀን አሥር እጀታ ላጨና፣ ሚስቱ አንድ ክዳን ይዛ በየተራ ሞከረችባቸው፤ ለአሥሩም ገጠመ፤ ለአሥሩም እኩል ላላ። ሴቲቱ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም።

«አንተ ሰው፣ ማበላሸቱንም በልክ አደረግኸው እኮ! ክፉ ሠራተኛ አንዱን ያጠብቃል፣ አንዱን ያላላል፤ እንዲህ እንደ መንታ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያበላሽ የት አለ? ይኼን ያየ ሆነ ብለህ እንደሠራኸው ያውቅብሃል።»

እውነቷን ነበር። አቶ ልክ በግራ እጁ ሞከረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሞከረ፤ ሠላሳ ዓመት የተገራ እጅ ግን ወዲያው ልኩን ያገኛል። በመጨረሻ ከቶርኖው ተነሣና፣ መቁረጫ ነክታ የማታውቀውን ሚስቱን አስቀመጣት፤ መሪውን እንዴት እንደምታዞር አሳያትና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ቆመ። መቁረጫው ሲንተፋተፍ፣ ናሱ ሲያለቅስ እየሰማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀስ!» ሊል ዞረና አፉን ያዘ። ስድስት ቀን ሙሉ እንዲያ ሆኖ ቆሞ ዋለ፤ እንባውን ሚስቱ አይታለች፤ አላየሁም ብላለች።

በአሥረኛው ቀን ሻምበሉ መጣ፤ መቶ አርባ ሦስቱም ብዕር ከሥራ ቤቷ ደጃፍ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ባለቤቶቻቸው ተጠርተው መንገዱ ዳር በግድግዳው ጥግ ቆመዋል። አዋላጇ ከመምህሩና ከዳኛው መካከል ነበረች። ሻምበሉ ክዳኗን አወጣና የመጀመሪያው ላይ አዞረ፤ ገጠመች። ባለቤቱን፣ የፖስታ ቤቱን ሹም፣ ወታደሮቹ ያዙት። ሁለተኛው ላይ አዞረ፤ ገጠመች። ሦስተኛው ላይ ጠበቅ ብላ ገጠመች፤ አራተኛው ላይ እየተወዛወዘች ገጠመች። በሃያኛው ላይ የፖስታ ቤቱን ሹም ለቀቁት። በስልሳኛው ላይ ከግድግዳው ጥግ አንድ ሰው ሳል የመሰለ ነገር አሰማ። ሻምበሉ ፊቱ እየቀላ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው የራሱ ብዕር ነበር፤ ክዳኗ በዚያም ላይ እስከ ጥጓ ገባች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ሻምበሉ፤ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው።

«መጥፎ ሥራ ነው» አለ አቶ ልክ። «በጽሑፍ አምኜ ለጥፌያለሁ፤ ማኅተሙ የእርስዎ ነው። ክዳኗ የገጠመችለት ሰው ይቀጣል ካሉ፣ እነሆ፣ መቶ አርባ ሦስታችንንም ይውሰዱ፤ ከራስዎ ይጀምሩ። ካልሆነም በሰሌዳዬ ላይ የሰጠሁት ቃል አይታጠፍም፤ ለሌላው ገጥሞ አግኝተዋልና ብዕሩን በነጻ ይውሰዱ።»

አስተርጓሚው የመጨረሻውን ሐረግ ለመተርጎም አመነታ፤ ግን ተረጎመው። ሻምበሉ አቶ ልክን በጥፊ መታው። አቶ ልክ ሳይንበረከክ ቆመ፤ ከግድግዳው ጥግም አንድም ሰው ዓይኑን አልሰበረም። ሻምበሉ በራሱ ማኅተም በጸና ወረቀት ሰውን መክሰስ ራሱን መክሰስ ሆኖበት ማንንም አላሰረም፤ ነገር ግን በዚያው ዕለት ቶርኖው በጋሪ ተጭኖ ተወሰደ፤ የሥራ ፈቃዱም «ሠሪው ራሱ እንዳመነው ሥራው ብቁ ስላልሆነ» ተብሎ ተሰረዘ።

አዋላጇ በማግስቱም፣ በወሩም ወረቀት መለጠፏን አልተወችም፤ ሕፃናት ማዋለዷንም አልተወችም። ጦርነቱ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው፣ በታይፈስ የተያዘች አራስ ስታስታምም በሽታው ይዟት አረፈች። ሰላም በወረደ ጊዜ አቶ ልክ ፈቃዱን ለማስመለስ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነገሩን ከሥሩ ተናገረ፤ ጸሐፊውም በትዕግሥት ሰምቶት ሲያበቃ፣ መጥፎ ሠራተኛ ሁሉ ሰሞኑን ጀግና ሆኖ መምጣቱን ነገረው፤ ምስክር ቢጠይቀው ሚስቱን ጠራ፤ ጸሐፊው ሳቀ። አቶ ልክ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ፤ ሲወጣም የመሥሪያ ቤቱ በር በደንብ አለመግጠሙን ለጸሐፊው ነግሮት ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ማጠፊያና ቁልፍ ሲጠግን ኖረ፤ ነገሩንም ለማንም ደግሞ አላወራውም።

ዛሬ በከተማይቱ ቤተ መዘክር፣ የስምንት መቶ ሕፃናት ልደት ከተመዘገበበት ከአዋላጇ መዝገብ ጎን፣ አንድ የናስ ብዕር በመስታወት ውስጥ ተኝቷል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «የአገር ውስጥ ሥራ፤ ክዳኑ የላላ፤ የአሠራር ጥራቱ ዝቅተኛ» ይላል፤ አስጎብኚው መስታወቱን ከፍቶ ክዳኑን ሲያወዛውዘው ተማሪዎች ይሥቃሉ። ታሪክ ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ክዳኑ እውነትም ላላ ነው። በዚያ ኅዳር በዚያች ከተማ ስለ አንዲት ክዳን የተረሸነ ሰው ግን የለም፤ በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ስምንት መቶ ሕፃናትም ሁለት መቶ አሥራ አንዱ የተወለዱት ከዚያ ቀን በኋላ በዚያችው ሴት እጅ ነው።